ሰዓቱን ያለፈ ትእዛዝ

በእነዚያ ቤቶች ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው ለቅሶ የሚጠበቀው ለመስማት ብቻ አልነበረም፤ ለማየትም ነበር። ድምፁ ሲወጣ የሁሉም ዐይን ወደ ሕፃኑ ፊት ይዞራል። ግንባሩ ከተጨማደደ፣ አፉ ከተጣመመ፣ ዐይኖቹ ጭምቅ ብለው ከተከደኑ እፎይ ይባላል። አንዳንዱ ሕፃን ግን ጉሮሮው እስኪደርቅ እያለቀሰ፣ ፊቱ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ዝም ይል ነበር። ጡት ሲሰጠው ከንፈሩ አልገጥም ብሎ ወተቱ ባገጩ ይወርዳል። ሲተኛም የዐይኑ ቆብ ስለማይዘጋ ነጩ ገርበብ ብሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሐኪም እስኪናገር የሚጠብቅ የለም። አባትየው ያውቀዋል፤ እሱም የተወለደው እንደዚያው ሆኖ ነበርና።

ነገሩ እኛ አገር ጤነኛ ሰው አድሮ ሲነሣ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ሲገኝ «ብርድ መታው» የምንለው ዓይነት አልነበረም። ያኛው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል። ይሄኛው ግን አብሮ ተወልዶ አብሮ ያረጃል፤ አይብስም፣ አይሻልም። አንዳንዱን በሁለቱም ጉንጩ፣ አንዳንዱን በአንዱ ብቻ ይይዘዋል። እጅና እግር ደኅና፣ አእምሮም ደኅና። ሰውየው ቀልድ ሲሰማ በልቡ ይስቃል፤ ፊቱ ግን ወሬውን አያደርስም። ፊት እያነበበ ለሚኖር ጎረቤት ደግሞ ዝም ያለ ፊት ወይ ኩራት ነው፣ ወይ ቅያሜ፣ ወይ ድንዛዜ። ያለ ትርጉም የሚያልፈው የለም።

ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር በዘር ውስጥ የተጻፈ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የት ገጽ ላይ? ይህን ለማወቅ የተነሡት ሰዎች ገና ከመነሻቸው ተሰናከሉ፤ ያሰናከላቸውም በሽታው ሳይሆን ስሙ ነበር።

ስሙ የመጣው ከጀርመን ነው። ፓውል ዩሊዩስ ሞቢየስ የላይፕሲክ የነርቭ ሐኪም ነበር፤ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ አንድ ገጽ ብቻ ባለው ጥምዝ ጥብጣብ የሚታወቀው የኦጉስት ፈርዲናንድ ሞቢየስ የልጅ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1888 (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሁለት ነገር አንድ ላይ ያጡ ሰዎችን ገልጾ ጻፈ። ፊታቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም፤ ዐይናቸውንም ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሯቸው በኩል፣ ማዞር አይችሉም። ከ4 ዓመት በኋላ ማብራሪያ አከለበት። በአንጎል ግንድ ውስጥ ነርቮቹ የሚነሡባቸው የሕዋስ ጎጆዎች በልጅነት ከስመው ነው አለ። ተፈጥረው የነበሩ፣ ኋላ ግን የጠፉ ሕዋሳት ማለቱ ነው።

ሞቢየስ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ የሆነ ሰው ነበር። በ1900 የሴት ልጅ አእምሮ በተፈጥሮው ደካማ ነው የሚል ጽሑፍ አሳትሞ ብዙ አንባቢና ብዙ ጠብ አትርፏል። ሙት ወቃሽ ለመሆን አይደለም ይህን ማንሣቴ፤ እሱ የጀመረውን እንቆቅልሽ የፈቱት ሰዎች ስም ወደ ኋላ ሲመጣ አንባቢ እንዲያስታውሰው ነው።

ከእሱ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ሲወለድ ሐኪሞች ካርዱ ላይ «ሞቢየስ» ብለው ይጽፉ ነበር። ዐይኑ ወደ ጎን ይዙር አይዙር ሁልጊዜ አይጠየቅም። ስም ያገኘ ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ካርዱም ይከደናል።

ታሪኩ እንደ ገና የተከፈተው በሆላንድ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ጆርጅ ፓድበርግና የዘር ተመራማሪዋ ሃኒ ክሬመር ያሉበት ቡድን ፊተ ሽባነት በትውልድ የሚወርድበት አንድ ትልቅ ቤተሰብ አገኘ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። የሞቢየስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት አንድ ልጅ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ስለሚቀር ከምን ጋር ያነጻጽሩታል? እዚህ ግን የሚስቁትም የማይስቁትም በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ተሰልፈዋል። ተመራማሪዎቹ ከሁለቱም ወገን ደም ወሰዱ።

አንድ ሰው ከእናቱም ከአባቱም የሚወርሰው መጽሐፍ እያንዳንዱ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። በዚያን ጊዜ ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ መሣሪያ አልነበረም። የነበረው የመርማሪ ፖሊስ ብልሃት ነው፤ ሌባውን ባታውቀው፣ ስርቆት በተፈጸመ ቁጥር አካባቢው ላይ ማን እንደማይታጣ ጠይቅ። ቦታቸው የታወቀ ምልክቶችን ከዲኤንኤው ላይ እየመረጡ አንድ በአንድ ይፈትናሉ። ይህ ምልክት ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ሽባ ነው? የሌለውስ ሁሉ ይስቃል? አይደለም። የሚቀጥለውስ? እሱም አይደለም። እንዲህ እያሉ ክሮሞዞሞቹን ሲያስሱ በ1996 አንድ ቦታ ላይ ያሉ ምልክቶች አልለይ አሉ። ፊቱ ዝም ያለ ሰው ባለበት ሁሉ አሉ። ቦታው የክሮሞዞም 3 ረጅም ክንድ ነበር።

ደስታው ትልቅ ነበር፤ ግኝቱም በሞቢየስ ስም ታተመ። የሌባው ሰፈር ታወቀ ማለት ነው። ሰፈሩ ግን ብዙ ቤት ያለበት ሰፈር ነበር፤ ትክክለኛውን በር ለማንኳኳት 27 ዓመት እንደሚፈጅ ያን ቀን የገመተ አልነበረም።

በዚያው በ1996፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ፊት ፍለጋ ያልወጡ ሰዎች ፊት አገኙ።

ማሪዮ ካፔኪ በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተመረጠ ጂን ብቻ ነጥሎ አይጥ ላይ የማጥፋት ጥበብን ካዳበሩት አንዱ ነው፤ በ2007 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም በዚሁ ነው። ቤተ ሙከራው ያን ጊዜ የሚያጠናው ሆክስ የተባሉትን ጂኖች ነበር። እነዚህ ጂኖች ለፅንሱ ራስጌና ግርጌውን የሚያስታውቁ ናቸው፤ እዚህ አንገት፣ እዚህ ደረት፣ እዚህ ወገብ የሚሉ። ሥራው አንዱን ማጥፋትና የጎደለውን ማየት ነው። ተራው የሆክስ-ቢ-1 ሆነ።

አይጦችን በቅርብ ያየ ሰው ጢማቸው ለአፍታ እንደማያርፍ ያውቃል። ጥግ ሲያሸቱ፣ ምግብ ሲቀርቡ፣ ዝም ብለው ሲቀመጡ እንኳ ጢማቸው ወዲህና ወዲያ ይጠርጋል፤ ዓለምን የሚዳብሱት በእሱ ነውና። ሆክስ-ቢ-1 የጠፋባቸው አይጦች ካደጉ በኋላ ይሄዳሉ፣ ይበላሉ። ጢማቸው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዐይናቸው አይርገበገብም። ቡድኑ አንጎላቸውን ከፍቶ ሲያይ የፊትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው የሰባተኛው ነርቭ ክፍል ጭራሽ አልተሠራም። በለንደን የሚሠራ ሌላ ቡድንም በዚያው ዓመት ያንኑ ጂን አጥፍቶ በዚያው የአንጎል ክፍል ውስጥ ማንነታቸውና መንገዳቸው የጠፋባቸው ሕዋሳት አገኘ።

ምን ሆኖ ነው? የፅንስ የኋላ አንጎል ሲሠራ እንደ ሸንኮራ አገዳ በአንጓ በአንጓ ይከፈላል። እያንዳንዱ አንጓ የራሱን ነርቮች ያበቅላል። የፊት ነርቭ ሕዋሳት የሚወለዱት በአራተኛው አንጓ ነው፤ እዚያ ተወልደው ወደ ኋላ ይጓዙና ስድስተኛው ላይ ጎጆ ይቀልሳሉ። ሆክስ-ቢ-1 የአራተኛው አንጓ ስም ነው ቢባል ይቀላል። ስሙ ሲጠፋ አንጓው ማን እንደ ሆነ ይረሳል፤ የራሱንም ልጆች መውለድ ይሳነዋል። የዩታዎቹ ጽሑፋቸው ውስጥ አይጦቻቸው የሞቢየስ ሕመም ያለበትን ሰው ይመስላሉ ብለው አሰፈሩ።

እንግዲህ ሁለቱን ወሬዎች የሰማ ሰው ቸኩሎ ያገናኛቸው ይሆናል፤ የሆላንዱ ቤተሰብ የጎደለው ሆክስ-ቢ-1 ነው ብሎ። ችግሩ፣ በሰው ላይ ይህ ጂን የሚገኘው ክሮሞዞም 17 ላይ ነው። የሆላንዱ ምልክት የቆመው ክሮሞዞም 3 ላይ ነው። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ከተማ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ነገሩ ባሰበት። በ1999 ሃሪየት ፈርዘይልና ባልደረቦቿ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ሁለተኛ ቤተሰብ መረመሩ። ፊታቸው እንደ መጀመሪያዎቹ ዝም ያለ፤ ምልክታቸው ግን ክሮሞዞም 10 ላይ የወደቀ። አንድ ሌባ ተብሎ የተጀመረው ፍለጋ ሁለት ሌባ ወጣው።

ከዚያ የመጡት ዓመታት የበር ማንኳኳት ዓመታት ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከክሮሞዞም 3 ሰፈር ጂኖች መካከል በአይጥ ፅንስ የኋላ አንጎል ውስጥ የሚሠሩትን ለይተው ተጠርጣሪ አደረጉ። ፕሌክሲን-ዲ-1 የተባለው ጂን ጥሩ ተጠርጣሪ ነበር፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተነበቡ፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹም ተነበቡ፤ እነሱም ንጹሕ። በ2006 ሌላ ዝምድና የሌለው ቤተሰብ ተጨምሮ ሰፈሩ ጠበበ። ጠባቡ ሰፈር ውስጥ ያሉት በሮችም ሲንኳኩ «እኔ አይደለሁም» አሉ። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሰዎች የሕይወታቸውን ምርጥ ዓመታት ሰጥተው «ይህም አይደለም» የሚል አንድ ገጽ ያሳትማሉ፤ ማንም አያጨበጭብላቸውም።

በዚህ መሐል ግን ፈርዘይል አቅጣጫዋን ቀየረች። መጽሐፉ ካልተናገረ አካሉ ይናገራል አለች። ፊታቸው ከልደት ጀምሮ ሽባ የነበረና ያረፉ የእንዲህ ያለ ቤተሰብ ሰዎች የአንጎል ግንድ በስሱ እየተቆረጠ በማጉያ መነጽር ሥር ተቀመጠ። የሰባተኛው ነርቭ ጎጆ ሊኖር የሚገባው ቦታ ላይ ሕዋሳቱ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከዚያ የሚወጣው ነርቭም ቀጭን። ዙሪያውን ያለው ሁሉ ግን፣ መንገዱም ጎረቤቱም፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አንጎል ነበር። እውነተኛው የሞቢየስ ሕመም እንዲህ አያደርግም፤ የአንጎል ግንዱን ሰፋ አድርጎ ይነካዋል።

በ2005 ይህ ሲታተም የስሙ ወጥመድ ተሰበረ። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ያሉት ሰዎች ከጥንትም ዐይናቸውን ወደ ጎን እንደ ልባቸው ያዞሩ ነበር፤ ምልክቱ በፊታቸው ላይ፣ ቃል በቃል፣ ተቀምጦ ሳለ መቶ ዓመት ሙሉ በሰው ስም ተጠሩ። አሁን በሽታቸው የራሱን ስም ያዘ፤ በዘር የሚወርድ፣ አብሮ የሚወለድ የፊት መዛል ተባለ። ሰፊ ጥፋት አለመሆኑም ታወቀ። አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በጣም በጠባቡ ስቷል።

ግን ምን?

የመጀመሪያው በር የተከፈተው ማንም ባልጠበቀው ሰፈር ነበር። በአሜሪካ ከጀርመን የመጡ፣ አጥብቀው በወግ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ከራሳቸው ወገን ይጋባሉ። ከእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ሁለት ቤተሰቦች ዘንድ ፊታቸው በሁለቱም በኩል ሽባ የሆኑ ልጆች ነበሩ። እነዚህኞቹ ጆሯቸውም ይከብዳል፤ ዐይናቸውም ሸውራራ ነው። ወላጆቻቸው ግን ፊታቸው ፍጹም ጤነኛ። ከሆላንዱ ቤተሰብ ይህ ነው የሚለያቸው። እዚያ ከአንድ ወላጅ መውረሱ ብቻውን ይበቃል፤ እዚህ ስሕተቱ ከሁለቱም በኩል ሲገናኝ ነው የሚወጣው።

በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ኤትሊን ዋንግ ጃብስና ብሪን ዌብ፣ በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ኤሊዛቤት ኤንግል ያሉበት ቡድን ጉዳዩን ያዘ። ፊት፣ ጆሮ፣ ዐይን። ሦስቱ አንድ ላይ ሲጻፉ ያነበበ ሰው የዩታዋን አይጥ ያስታውሳል። ሆክስ-ቢ-1 የጠፋባት አይጥ ከፊቷ ሌላ ጆሮዋም ይታወክ ነበር። ቡድኑ ወደ ክሮሞዞም 17 ሄደ። ጂኑ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ያቺ ፊደል በፕሮቲኑ 207ኛ ቦታ ላይ አርጂኒን መሆን የነበረበትን አሚኖ አሲድ ሲስቴይን አድርጋዋለች፤ ያ ቦታ ደግሞ ፕሮቲኑ ዲኤንኤን የሚጨብጥበት ጣት ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ ሲነበብ ያቺው ፊደል፣ እዚያው ቦታ። ማኅበረሰቡ ውስጥ ከብዙ ትውልድ በፊት የነበረ አንድ ቅድመ አያት ሳያውቅ አሻራውን ትቶ ሄዷል።

አይጧ ከተገኘች 16 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ሰው የሆነ አቻ አገኘች። ሆኖም ይህ የክሮሞዞም 17 መልስ ነው። ክሮሞዞም 3 እንደ ተቆለፈ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ፈርዘይል ሁለተኛውን ቤተሰብ ባሳተመችበት በ1999፣ አይጥ የሚያጠኑ ሌሎች ሰዎች በአራተኛው አንጓ ውስጥ የትእዛዝ ሰንሰለት አግኝተው ነበር። ሆክስ-ቢ-1 ብቻውን አይሠራም። እሱ ጋታ-2 የሚባለውን ጂን ይጠራል፤ ጋታ-2 ደግሞ ጋታ-3ን። ትእዛዝ ከአለቃ ወደ ምክትል፣ ከምክትል ወደ አሥር አለቃ እንደሚወርደው ማለት ነው።

ጋታ-2 በሰው ላይ የት ነው ያለው? ክሮሞዞም 3፣ ረጅሙ ክንድ ላይ። እዚያው ሰፈር ውስጥ!

ታዲያ ለምን ወዲያው አልተያዘም? ምክንያቱም ጋታ-2 ከሁሉም የተሻለ ምስክር ነበረው። የዚህ ጂን የታወቀው ሥራው ደም ነው። የደም ሕዋሳት የሚፈልቁት በእሱ እርዳታ ነው፤ ጂኑ የተሰበረበት ሰው መከላከያው ይዳከማል፣ ለደም ካንሰርም ይጋለጣል። የክሮሞዞም 3 ቤተሰቦች ግን ደማቸው ጤነኛ ነበር። ፊደሉም ሲነበብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምንም አልጎደለውም። ተጠርጣሪው በቦታው ነበረ፣ ምክንያትም ነበረው፤ እጁ ላይ ግን ደም አልተገኘም።

ኤሊዛቤት ኤንግል የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ናቸው። ዐይንን አስረው የሚያስቀሩ የዘር ሕመሞችን ምክንያት ለዓመታት ሲፈቱ የኖሩ፣ እንዲህ ያለውን ጥበቃ የለመዱ ሰው። ከአለን ቴኒና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ምልክታቸው ወደ ክሮሞዞም 3 የሚያመለክት ቤተሰቦችን ከተለያየ ቦታ አሰባሰቡ። በዚህ ጊዜ ዘመኑ ተለውጧል፤ መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ ተችሏል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሲያነብ የነበረው ጂኖቹን ብቻ ነበር፤ ፕሮቲን የሚጻፍበትን ክፍል። እሱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። የቀረው ሰፊ ሜዳ ለረዥም ጊዜ ባዶ ቦታ ይመስል ነበር።

ከቤተሰቦቹ አንዱ ዘንድ፣ ከጋታ-2 ውጪ ባለው በዚያ ሜዳ ላይ፣ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ተገኘ። ጸሐፊ እንቅልፍ ሲጥለው አንዱን ገጽ ደግሞ እንደሚጽፈው። አንድ ጊዜ ከሆነ አጋጣሚ ይባላል። ሌላ ቤተሰብ ተነበበ፤ የተደገመው ቁራጭ ልኩ ቢለያይም እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚያ ድግግሞሽ የሌለባቸው ቤተሰቦች መጡ። እነዚህ ዘንድ የተለወጠችው አንዲት ነጠላ ፊደል ነበረች፤ በየቤቱ የተለያየች ፊደል ብትሆንም ሁሉም የተጠጋጉት በተደገመው አንቀጽ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ መስመር ላይ ነው። በ3 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ስሕተት አንድ መስመር ላይ ሲሰበሰብ ያየ ተመራማሪ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ያ መስመር ምን ይሠራል?

አንቀጹ ለጋታ-2 የተሠራ ማዘዣ ሆኖ ተገኘ፤ ነርቭ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማዘዣ። ደማቸው ያልታመመው ለዚህ ነበር! ውስጡ ሁለት ቀስቃሾችና አንድ ዝም አሰኚ አሉ። ቀስቃሾቹ ጂኑን «ተነሥ» ይሉታል፤ ዝም አሰኚው ሰዓቱ ሲደርስ «በቃ» ይለዋል። ነጠላ ፊደሎቹ የተለወጡት ዝም አሰኚው ላይ ነው። ኤንአር2ኤፍ1 የሚባል ፕሮቲን እዚያ መጥቶ ይቀመጥ ነበር፤ ከተለወጡት ፊደሎች አንዳንዶቹ መቀመጫውን አፈረሱበት።

እንግዲህ ጋታ-2 ንጹሕ ነበር፣ ጥፋተኛም ነበር። ራሱ አልተሰበረም። ዝም በል የሚለው አጥቶ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልገጥም ብሎ ቆየ። ድግግሞሹ ባለባቸው ቤተሰቦች ቀስቃሾቹ ብቻ አይደሉም የተደገሙት፤ ዝም አሰኚውም አብሮ ተደግሟል። ታዲያ ሁለት «በቃ» ባይ ያለው ጂን ለምን አይቆምም? ይህን በወረቀት ላይ ማስላት አይቻልም። አይጥ መጠየቅ ነበረበት።

ቡድኑ የሰዎቹን ለውጥ በሰው ፊደል ተጽፎ የያዘች አይጥ ሠራ። ከዚያ ፅንሱ ውስጥ ገብተው አራተኛውን አንጓ ተመለከቱ። እዚህ አንጓ ውስጥ የሚወለዱት የፊት ነርቭ ሕዋሳት ብቻ አይደሉም፤ እህትማማች ሕዋሳት አሉ። አንዱ ወገን ወደ ፊት ጡንቻዎች ይወጣል። ሌላው ጥቂት ሆኖ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሄዳል፤ ከአንጎል ለጆሮ መልእክት የሚያደርስ ነው። ሁለቱ ከአንድ ማሕፀን ናቸው፤ የሚለያቸው ትእዛዝ ነው። ጋታ-2ና ጋታ-3 የሚበሩበት ሕዋስ የጆሮ ይሆናል፤ የፊቱ ግን ያለ እነሱ ነው የሚያድገው።

በዚያች አይጥ ፅንስ ውስጥ ጋታ-2 መክሰም በነበረበት ሰዓት አልከሰመም። ድግግሞሹም ይሁን የፈረሰው መቀመጫ፣ ውጤቱ ወደ አንድ ያደርሳል፤ ትእዛዙ ሰዓቱን አልፎ ቀጥሏል። ፊት ለመሆን የተወለዱት ሕዋሳትም የሰሙትን ሆኑ። ጆሮ ሆኑ። የጆሮዎቹ ቁጥር ሲበዛ የፊቶቹ ቁጥር አነሰ።

ሞቢየስ እንዳለው የከሰመ ነገር አልነበረም። የሞተም የለም። ፈርዘይል በማጉያ መነጽር ሥር ባዶ ሆኖ ያየችው ጎጆ፣ ልጆቹ ሌላ ቤት ስለገቡ የተራቆተ ይመስላል።

የመጨረሻው ፈተና ቀርቶ ነበር። ታሪኩ እውነት ከሆነ ሰንሰለቱን ዝቅ ብሎ መቁረጥ ልጆቹን ወደ ቤታቸው ይመልሳል። ጋታ-2 ይጩህ፤ የሚሰማው አሥር አለቃ ግን አይኑር። ተመራማሪዎቹ በነዚያው አይጦች ውስጥ ጋታ-3ን በተመረጡ ሕዋሳት ብቻ አጠፉት። ጋታ-2 እንደ በፊቱ ሰዓቱን አልፎ ቀጠለ። ነገር ግን አራተኛው አንጓ ውስጥ የፊት ነርቭ ሕዋሳት ተመልሰው በቀሉ።

ግኝቱ በ2023 ታተመ። ሆላንድ ውስጥ በ1996 ከተመዘገበው ምልክት እስከዚህ ድረስ 27 ዓመት ሆኖታል፤ ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን አሁን የራሱን ልጅ ፊት ጎንበስ ብሎ የሚያይበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ክሬመር፣ ፈርዘይል፣ ጃብስ፣ ዌብ፣ ኤንግል፤ አምስቱም ሴቶች። የላይፕሲኩ ዶክተር ስለ ሴት አእምሮ የጻፈው እዚህ ላይ ይታወሳል።

የአይጦቹ መዳን ለሰው ሕክምና አይደለም፤ ትእዛዙ የሚተላለፈው እናት ማርገዟን ገና እያወቀች ባለችበት ወቅት ነው፤ ሕፃኑ ሲወለድ ሁሉም ነገር ካለቀ ሰንብቷል። ቤተሰቦቹ ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ከየት እንደ መጣ ማወቅ፣ ለሚወለደውም ልጅ አስቀድሞ የሚነገር ነገር ማግኘት።

ሁለተኛው የሆላንድ ቤተሰብ፣ በ1999 የተመዘገበው፣ በ2023ቱ ግኝት ውስጥ መልስ አልነበረውም። የእነሱ ምልክት አሁንም ክሮሞዞም 10 ላይ ቆሞ ነበር።